ከተፈራረምን በኋላ የመጣ የእንግዳ ክፍያ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ ስፖርት በምሠራበት ጂም የመስታወት በር ላይ በፕላስተር የተለጠፈች አንዲት ወረቀት ናት። ጽሑፏ ሦስት መስመር ብቻ ነው። የመጀመሪያው መስመር የአባልነት ክፍያ ከመጪው ወር ጀምሮ እንደሚጨምር፣ ሁለተኛው ደግሞ አባላት ይዘዋቸው የሚመጡ እንግዶች በነጻ መግባታቸው ከዛሬ ጀምሮ ቀርቶ በገቡ ቁጥር ክፍያ እንደሚጠየቁ ያስታውቃል፤ ሦስተኛው «ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» ይላል። ትብብሬን የጠየቀኝ ሰው ባለመኖሩ ምስጋናው ለየትኛው ትብብር እንደ ቀረበ እስካሁን አልገባኝም።

ወረቀቷን ባነበብኩበት ዕለት ታናሽ እህቴ አብራኝ ነበረች። ሐኪሟ ለወገቧ ሕመም የጡንቻ ማጠናከሪያ ልምምድ እንድትጀምር ከመከሯት ወራት ተቆጥረዋል፤ ብቻዋን ጂም መግባት ስለምታፍር ከእኔ ጋር አራት ጊዜ ያህል መጥታ፣ በአምስተኛው ቀን መግቢያው ላይ ቆመን ቀረን። እኔ ጣቴን አሻራ ማንበቢያው ላይ ሳሳርፍ አረንጓዴ መብራት በራ፤ እሷ ግን የስፖርት ጫማዋን በፌስታል አንጠልጥላ ከተሽከርካሪው ብረት ወዲያ ማዶ ቀረች። እንግዳ ተቀባዩ ጨዋ ወጣት ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ እኔም የሰማሁት ትናንት ማታ ነው፤ ካልተከፈለ ሲስተሙ በሩን አይከፍትልኝም» አለኝ። በልጁ ልቆጣ አልቻልኩም። ዋጋውን የወሰነው ሰው እዚያ ጠረጴዛ ጀርባ አይቆምምና፣ የደንበኛን ፊት እንዲያይ የሚደረገው ምንም ያልወሰነው ነው። እህቴ «ተወው፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብላ ተመለሰች፤ ያ ሌላ ቀን እስከ ዛሬ አልመጣም።

ክፍያው ለምን ጨመረ የሚል ክርክር ማንሣቴ እንዳልሆነ ከወዲሁ ግልጽ ላድርግ። ጂም ማስተዳደር ቀላል ሥራ አለመሆኑን ለመረዳት የሒሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ቤቱ ሰው ቢመጣም ባይመጣም ኪራይ ይከፈልበታል፤ መብራቱ፣ ማናፈሻውና የሻወሩ ሙቅ ውሃ ከማለዳ እስከ ምሽት ይሠራሉ። የመሮጫ ማሽን ሲገዛ ብቻ ሳይሆን ሲቆይም ገንዘብ ይበላል፤ የሚሽከረከረው ቀበቶ ከሥሩ በጊዜው ቅባት ካልተደረገለት ሰበቃው ይጨምራል፣ ሰበቃው ሲጨምር ሞተሩ ተጨማሪ ኃይል ይስባል፣ በመጨረሻም ቀበቶውም ከሥሩ ያለው ጣውላም ሞተሩም አብረው ያልቃሉ። በዚያ ላይ የኮሮና ወረርሽኝ በብዙ አገሮች ጂሞችን ለወራት ዘግቷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተውና በዓለም ዙሪያ ስሙ የታወቀው ጎልድስ ጂም እንኳ በ2020 የኪሳራ ጥበቃ ለመጠየቅ ተገዷል፤ ትዌንቲ ፎር አወር ፊትነስ የተባለው ትልቅ ሰንሰለትም በዚያው ዓመት ተከትሎታል። ከዚያ የተረፈ ድርጅት ዋጋውን ቢያስተካክል አይፈረድበትም። ወጪው ይህን ያህል ጨምሯል፣ ስለዚህ ክፍያው ይህን ያህል ይጨምራል ተብሎ አስቀድሞ ከተነገረኝ እከፍላለሁ ወይም እለቃለሁ።

ቅሬታዬ ያለው ከወረቀቷ ሁለተኛ መስመር ላይ ነው። አባል ልሁን አልሁን እያልኩ ሳመነታ ያግባባኝ የሽያጭ ሠራተኛ ከጠቀሳቸው ጥቅሞች መካከል በግልጽ የማስታውሰው «ቤተሰብ ወይም ጓደኛ ይዘው መምጣት ይችላሉ» ያለኝን ነው። በራሪ ወረቀቱም ላይ በደማቁ ታትሞ ነበር። በሠፈሬ አቅራቢያ ዋጋው ዝቅ ያለ ሌላ ጂም እያለ ይህንን የመረጥኩት፣ የአንድ ዓመቱንም ውል የፈረምኩት በዚያ ምክንያት ነው። ስለዚህ አሁን የተደረገው በእኔ እይታ የዋጋ ጭማሪ አይደለም፤ ገዝቼ ከወሰድኩት ዕቃ ላይ አንዱን ክፍል ፈትቶ ወስዶ ያንኑ መልሶ ለእኔ መሸጥ ነው። አቤቱታዬን ሳቀርብ ከውሉ የመጨረሻ ገጽ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አንድ አንቀጽ በጣት ተመለከተልኝ፦ «ማዕከሉ ዋጋውንና ደንቡን በማንኛውም ጊዜ የመለወጥ መብቱ የተጠበቀ ነው።» በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ዓይነቱ ፈራሚ መሆኑን አምኜ እቀበላለሁ። ይሁንና አንደኛው ወገን እንዳሻው የሚለውጠው፣ ሌላኛው ወገን ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ የሚታሰርበት ወረቀት ውል ተብሎ ሊጠራ የሚችልበት መንገድ አይታየኝም።

የክፍያውን መጠንም እንመልከት። ጂሜ ለአንድ የእንግዳ ጉብኝት የጠየቀው የወር ክፍያዬን አንድ አምስተኛ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን የሚመጣ አባል በወር 13 ጊዜ ያህል ይገባል፤ ለአንድ ጉብኝት የሚደርስበት የወር ክፍያው አንድ አሥራ ሦስተኛ ነው ማለት ነው። እንግዳው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ማሽን፣ በዚያው ሻወር ሲጠቀም ከአባሉ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይከፍላል። እህቴን በወር አምስት ጊዜ ይዣት ብመጣ ሙሉ ሁለተኛ አባልነት የገዛሁ ያህል ከፍያለሁ፤ ነገር ግን አባል ስላልሆነች የራሷ የልብስ ሣጥን አይኖራትም፣ የቡድን ልምምድ ላይ አትገባም፣ ከእኔ ተለይታም መምጣት አትችልም። ይህን ስሌት ለሥራ አስኪያጁ ባቀርብለት «እንግዲያው ለምን አባል አናደርጋትም?» ሲል ጠየቀኝ። እውነቱን ለመናገር መልሱ አስደስቶኛል፤ ቢያንስ ክፍያው ለምን እንደ ተተመነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግሮኛልና።

በዚህ ረገድ እንግዳ ለጂም ምን እንደሆነ ማስታወስ ይገባል። ጂሞች ራሳቸው ለዓመታት የነጻ መግቢያ ካርድ ሲያድሉ የኖሩት ለደግነት ሲሉ አልነበረም። እንግዳ ማለት ወጪ ያልወጣበት ማስታወቂያ ነው፤ አባሉ ራሱ አሳምኖ፣ ራሱ እየመራ በር ድረስ ያመጣዋል፣ መግቢያው ላይ ስሙንና ስልኩን ያስመዘግባል፣ ከሁለት ቀን በኋላ የሽያጭ ክፍሉ ይደውልለታል። እኔም አባል የሆንኩት በአንድ የሥራ ባልደረባዬ እንግድነት ገብቼ ነው። የእህቴ ስልክ ቁጥርም በመጀመሪያው ቀን ተመዝግቧል፤ ሁለት ጊዜ ደውለውላታል። አሁን ያ ማስታወቂያ ራሱ ለመግቢያው መክፈል አለበት ተባለ።

የጂምን ገቢ ውስጡን ስናየው ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። ጂም እንደ ዳቦ ቤት የሸጠውን ሁሉ አያስረክብም። አባላቱ በሙሉ በአንድ ምሽት ቢመጡ ቆሞ እጅ ማንሣት እንኳ አይቻልም፤ ሥራው የሚቆመው ከፍለው በማይመጡት ላይ ነው። ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኡልሪኬ ማልሜንዲየር የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት በሦስት የአሜሪካ ጂሞች የተመዘገቡ 7,752 አባላትን ለሦስት ዓመታት ተከታትለው ነበር። በወር ክፍያ የተመዘገቡት በአማካይ በወር 4.3 ጊዜ ብቻ ይገቡ እንደነበር፣ ለአንድ ጉብኝት ሲሰላም ከ17 ዶላር በላይ ይደርስባቸው እንደነበር አገኙ፤ የአሥር ጊዜ መግቢያ ካርድ ቢገዙ ግን በእያንዳንዱ ጊዜ በ10 ዶላር ይገቡ ነበር። ከዚህ ይልቅ እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ሌላው ግኝታቸው ነው፤ የወር ከፋዮቹ ለመጨረሻ ጊዜ ስፖርት ከሠሩበት ቀን እስከ አባልነታቸውን የሰረዙበት ቀን በአማካይ ከሁለት ወር በላይ ያልፍ ነበር። ሰው ነገ እሄዳለሁ እያለ ይከፍላል። ይህን የምጽፈው እኔም ከእነሱ አንዱ ሆኜ ስለማውቀው ነው፤ ባለፈው ዓመት ጉንፋንና የሥራ ብዛት ተደራርበውብኝ ሰባት ሳምንት ሙሉ ደጃፉን ሳልረግጥ ከፍያለሁ፣ ያኔ ግን ስላልመጣሁባቸው ቀናት ተመላሽ የሚል ወረቀት በር ላይ አልተለጠፈም።

በሌላ አነጋገር አዳራሹ ውስጥ የእንግዳው ቦታ አስቀድሞ በአንድ ያልመጣ አባል ተከፍሎበታል። እንግዳ ተጨማሪ ወጪ አያመጣም አልልም፤ ውሃ ይጠቀማል፣ ፎጣ ያቆሽሻል፣ ቢጎዳም የኃላፊነትና የመድን ጉዳይ ይነሣል። ሆኖም ይህ ወጪ የአባሉን ከሁለት እጥፍ በላይ የሚያስከፍልበትን ስሌት ማንም አላሳየኝም፤ ለማሳየትም የሞከረ የለም።

ገንዘቡን ትተን ወደ አዳራሹ እንግባ። ደረት ለማሠራት በጀርባ ተኝቶ ብረት መግፋትን፣ ቤንች ፕሬስ የሚባለውን፣ የሞከረ ሰው የምለውን ያውቃል። ብረቱ ከመስቀያው ወጥቶ ደረት ላይ ሲወርድ ቀላል ይመስላል፤ ስምንተኛው ላይ ክንድ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ዘጠነኛው ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። በዚያች ቅጽበት ከራስጌህ ቆሞ ሁለት ጣቱን ከብረቱ ሥር የሚያሾልክ ሰው ከሌለ ብረቱ ተመልሶ የሚያርፈው ደረት ወይም አንገት ላይ ነው። ይህን ሥራ ለማያውቁት ሰው መስጠት ይከብዳል፤ አጠገብህ ያለው ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ የራሱን ይቆጥራል፣ በፈረቃው ያለው አንድ አሠልጣኝም በሌላ ጥግ ከግል ደንበኛው ጋር ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን ወንድማችንን፣ ጓደኛችንን፣ ጎልማሳ ልጃችንን ይዘን የምንመጣው ለጨዋታ አይደለም። እንግዳዬ የምለው ሰው አንዳንድ ቀን አንድም ብረት ሳያነሣ ራስጌዬ ቆሞ ይውላል። ለዚህም ይከፈል?

የዓይን ብርሃናቸውን ያጡ፣ ከቀዶ ሕክምና ያገገሙ፣ በዕድሜ የገፉና ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው አባላትም አሉ። በእኛ ጂም በዱላ የሚሄዱ አንድ አዛውንት ከልጃቸው ጋር እየመጡ ቋሚውን ብስክሌት ሃያ ደቂቃ ይነዱ ነበር። ልጁ እግራቸውን ከፔዳሉ ጋር ያስርላቸውና ወንበር ስቦ አጠገባቸው ይቀመጣል፤ ጋዜጣ ያነብላቸዋል። ወረቀቷ ከተለጠፈች ወዲህ ብስክሌቱ ላይ አላየኋቸውም። የቀሩበት ምክንያት ክፍያው ነው ብዬ በእርግጠኝነት አልናገርም፤ ደጋፊን ከእንግዳ የሚለይ አንድም ቃል በወረቀቷ ላይ እንደሌለ ግን በእርግጠኝነት እናገራለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አንድ ጎልማሳ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠናክር ልምምድ እንዲሠራ ይመክራል። ይኸው ድርጅት በ2024 እንዳስታወቀው በ2022 ከዓለም ጎልማሶች 31 በመቶው፣ ማለትም ወደ 1.8 ቢሊዮን የሚጠጋ ሰው፣ ከዚህ መጠን በታች ይንቀሳቀስ ነበር፤ በ2010 ቁጥሩ 26 በመቶ ነበር። በእግር ለመሄድ ጂም አያስፈልግም፤ ሁለተኛው ምክር ግን ክብደትና ማሽን ያለበት ቦታ፣ ይልቁንም የሚያስተምር ሰው ቢገኝ ይመረጣል። የማያውቀውን ሰው እጁን ይዞ የሚያስገባው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማስታወቂያ ሳይሆን የሚያውቀው ዘመዱ ወይም ጓደኛው ነው። የእንግዳ ክፍያ ቀድሞ የሚያርፈው ገና ባልጀመረው ሰው ላይ ነው። ሃያ ዓመት ብረት ያነሣ ሰው ክፍያ ሲጨመርበት ይነጫነጭና ይከፍላል፤ የሚያፍር ጀማሪ ግን በር ላይ ሰበብ ያገኛል።

ሌሎች አገሮች በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም እንዳላሉ ለአንባቢ ማሳየት ጠቃሚ ይመስለኛል። የአውሮፓ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ፍትሐዊ ያልሆኑ የሸማች ውል ቃላትን የሚመለከተው መመሪያ፣ ሻጩ በውሉ ላይ የተገለጸ በቂ ምክንያት ሳይኖረው ውሉን ብቻውን እንዲለውጥ የሚፈቅድ አንቀጽ፣ እንዲሁም ሸማቹ የመውጣት መብት ሳይኖረው ዋጋ ለመጨመር የሚያስችል አንቀጽ ፍትሐዊ ላይሆኑ ከሚችሉት ውስጥ ዘርዝሯቸዋል። በጂሜ ውል የመጨረሻ ገጽ ላይ ያለው አንቀጽ በቃል ተጠንቶ የተገለበጠ ይመስል በሁለቱም ውስጥ ይወድቃል። በእንግሊዝ በ2011 የታየ አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ደግሞ የጂም ውሎችን በቀጥታ ይመለከት ነበር፤ ፍርድ ቤቱ አባሉን ከ12 ወር በላይ አስረው የሚያቆዩና በተመጣጣኝ ሁኔታ የመውጫ መንገድ ያላበጁ ውሎችን ፍትሐዊ አይደሉም ብሏል። ጀርመን በ2021 ባወጣችውና በ2022 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት የመጀመሪያው የውል ዘመን ካለቀ በኋላ አባሉ ዝም በማለቱ ብቻ ለተጨማሪ ዓመት ሊታሰር አይችልም፤ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መውጣት ይችላል፣ በድረ ገጽ ለሚገባ ውልም መሰረዣ ቁልፍ በግልጽ እንዲቀመጥ ግድ ሆኗል።

ሁሉም ነገር ወደፊት ብቻ ይሄዳል ማለት ግን አይደለም። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2024 አባልነትን መሰረዝ የመመዝገብን ያህል ቀላል እንዲሆን የሚያዝ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ በ2025 የይግባኝ ፍርድ ቤት በአወጣጥ ሥርዓቱ ጉድለት ምክንያት ደንቡን ሽሮታል። ይህንን የምጠቅሰው ሕግ እስኪወጣ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ሁልጊዜ እንደማያዋጣ ለማስገንዘብ ነው። በዚያው አገር አንድ ሌላ ምሳሌም አለ። ፕላኔት ፊትነስ የተባለው ሰንሰለት ከሃያ ዓመት በላይ 10 ዶላር ሆኖ የቆየውን መነሻ የወር ክፍያ በ2024 ወደ 15 ዶላር ሲያሳድግ አዲሱን ዋጋ የጫነው በአዲስ ተመዝጋቢዎች ላይ ነበር፤ ነባሮቹ በፈረሙበት ዋጋ ቀጥለዋል። እንግዳ ይዞ የመግባት መብትንም ከፍ ባለው የአባልነት ዓይነት ውስጥ አካትቶ ይሸጣል። እንግዳን ገንዘብ ማድረጉን አልወደውም፤ ሆኖም ገዢው ከመፈረሙ በፊት የትኛው ዓይነት ምን እንደሚይዝ አይቶ ይመርጣል። እኔ የምለው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ዋጋው ከመፈረሜ በፊት ይታየኝ።

የጂም ባለቤቶችን ወገን የሚያስረዳ አንድ ወዳጄ ይህን ረቂቅ አንብቦ ሁለት ተቃውሞ አነሣብኝ፤ ሁለቱም የሚናቁ አይደሉም። አንደኛው፣ አንዳንድ አባል በየቀኑ የተለያየ ሰው እየያዘ ስለሚመጣ በአንድ አባልነት አምስት ሰው ይሠራል፤ እንዲያውም የግል አሠልጣኝ ሆነው ደንበኞቻቸውን «እንግዳዬ ነው» እያሉ የሚያስገቡና ገንዘቡን ወደ ኪሳቸው የሚከቱ አሉ። ሁለተኛው፣ ሥራ ካለቀ በኋላ ባለው የምሽት ሰዓት እንግዳ ሲበዛ ከፋዩ አባል ለአንድ ማሽን ተራ ይይዛል። እኔም በዚያ ተራ ቆሜ አውቃለሁና የምሟገትለት ያልተገደበ እንግድነት አይደለም። ነገር ግን ሁለቱም ችግሮች በቀጥታ መፍትሔ አላቸው። አንድ ሰው በወር ስንት ጊዜ በእንግድነት መግባት እንደሚችል መወሰን ይቻላል፤ ስሙና ስልኩ እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ተመዝግቧል። በተጨናነቀው ሰዓት እንግዳ አይገባም ቢባል ማናችንም አንከፋም። ተደብቆ የሚያሠለጥነው ሰው ደግሞ በቀላሉ ይታወቃል፤ ራሱ አይሠራም፣ ሰዓት ይዞ ይቆጥራል። የእነዚህን ጥቂቶች ጥፋት በሁሉም ላይ በእኩል ማከፋፈል ለአስተዳደሩ ቀላል መሆኑ ይገባኛል፤ ትክክል መሆኑ ግን አይገባኝም።

ወዳጄ ሦስተኛ ነገርም ብሎ ነበር፤ «ካልተስማማህ ለምን አትለቅም?» አለኝ። ብለቅ የቀሩትን ወራት ግማሽ ክፍያ በቅጣት መልክ እንድከፍል ውሉ ያስገድደኛል። የእነሱ ደንብ በአንዲት ወረቀት በአንድ ሌሊት ሲለወጥ የእኔ ግዴታ ስንዝር አልተነቃነቀም። ጥያቄዬም ሁሉ ተጠቅልሎ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ በጋዜጣችሁ በኩል ለጂም ባለቤቶችና ለሚመለከታቸው የሸማቾች ጥበቃ አካላት የማቀርበው ጥያቄ ብዙ አይደለም። በፈረምኩበት ዘመን ውስጥ ከውሉ ጥቅሞች አንዱ ሲነሣ ወይም ዋጋው ሲጨምር ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት በስሜ በጽሑፍ ይነገረኝ፤ በሁለቱ ወራት ውስጥም ያለ ቅጣት የመውጣት መብት ይኑረኝ። አዲሱ የእንግዳ ክፍያ ተግባራዊ የሚሆነው ከዚያ ወዲህ በሚፈረሙ ወይም በሚታደሱ ውሎች ላይ ይሁን። የእንግዳ የመጀመሪያ ጉብኝቶች እንደ ቀድሞው ነጻ ይሁኑ፤ ከዚያ በኋላ ይከፈል ከተባለም ከአባሉ የአንድ ጉብኝት ዋጋ ብዙ የማይርቅ ይሁን። አባልን ለመደገፍ የሚገባ ሰው፣ ማለትም የዓይነ ስውር መሪ፣ የአዛውንት ደጋፊ፣ የሕመምተኛ አስታማሚ፣ ጨርሶ እንግዳ ተብሎ አይቆጠር። ለመመዝገቢያ፣ ለካርድ፣ ለዓመታዊ ጥገና እየተባለ በኋላ የሚጨመረው ክፍያ ሁሉ በማስታወቂያው ላይ ከወር ክፍያው ጋር ተደምሮ ይጻፍ። በነገራችን ላይ እኔ ዓመታዊ የጥገና ክፍያ እከፍላለሁ፤ ከመስኮቱ በኩል ሦስተኛዋ የመሮጫ ማሽን ግን «ለጊዜው አትሠራም» የሚል ወረቀት አንጠልጥላ ከቆመች አራት ወር ሆኗታል። ጊዜው ስንት እንደሆነ የሚነግረን አላገኘንም።

ለአንባቢዎችም አንድ ነገር ላክል። አባል ልትሆኑ ስትሄዱ የሽያጭ ሠራተኛው በቃል የሚነግራችሁን ጥቅም «እዚህ ላይ ጻፍልኝና ፈርምበት» በሉት። የማይጽፈው ከሆነ እንደሌለ ቁጠሩት። የመጨረሻውን ገጽ መጀመሪያ አንብቡ፤ «በማንኛውም ጊዜ» የሚለውን ሐረግ ካገኛችሁ ቀጥሎ አባሉስ በማንኛውም ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚችል ጠይቁ። ከዓመት ውል በፊት የአሥር ጊዜ ካርድ የሚሸጡ ከሆነ በእሱ ጀምሩና ራሳችሁን ሁለት ወር ታዘቡ። በእርግጥ በሳምንት ሦስት ቀን የምትሄዱ ከሆነ ያኔ ዓመቱን ትገዛላችሁ። እኔ ይህን ምክር ለራሴ የሰጠሁት ከፈረምኩ በኋላ ነው።

ከላይ የዘረዘርኩትን አቤቱታ በሁለት ቅጂ ጽፌ ለጂሙ አስተዳደር አስገብቻለሁ፤ እንግዳ ተቀባዩ ወጣት ቀኑን ጽፎ ማኅተም መታልኝና አንዱን መለሰልኝ። አሥራ አንድ አባላት ከእኔ ጋር ፈርመውበታል፤ ከመካከላቸው ሁለቱ በሕይወታቸው እንግዳ ይዘው መጥተው የማያውቁ ናቸው። መልሱ ሲሰጠን ጋዜጣው ቦታ ከፈቀደልኝ ለአንባቢ አሳውቃለሁ። እስከዚያው እኔና እህቴ ማክሰኞና ሐሙስ አመሻሽ ላይ በእግራችን እንሄዳለን፤ የወር ክፍያዬም እንደ ወትሮው በየወሩ መጀመሪያ ከሒሳቤ ላይ ይቆረጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ